በአርቪ ወደ ስሞኪ ማውንቴንስ፦ እናቴን ይዤ የት የት ልደር?

ቤዚ_ቪኤ · ማርች 4፣ 2025

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። እናቴ በግንቦት መጨረሻ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ባለፈው ስትመጣ ሦስት ወር ሙሉ ያየችው ቤቴን፣ ቤተ ክርስቲያንና ኮስኮ የሚባለውን የጅምላ መደብር ነው። ተመልሳ ለጎረቤቶቿ "አሜሪካ ማለት ትልቅ መጋዘን ነው" ብላ አወራች አሉኝ። ዘንድሮ እንደዚያ ብላ አትመለስም።

ስለዚህ አርቪ፣ ማለትም ውስጡ አልጋ፣ ወጥ ቤትና ሽንት ቤት ያለውን መኪና፣ ተከራይተን ልንወጣ ነው። ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች (10፣ 7 እና 3 ዓመት) እና እማዬ። እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ሌሊትም ሁለቴ ሦስቴ ትነሳለች። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ጁላይ 12 ቅዳሜ ማለት ነው። በማግስቱ እሑድ ወጥተን በሚቀጥለው እሑድ ልንመለስ አስበናል። ባለቤቴ ምዕራብ ያለው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል።

ጥያቄዎቼ፦ ምን ዓይነት አርቪ እንከራይ? ማታ ማታ የት ነው የሚታደረው? ሽንት ቤቱንስ ማን ነው የሚደፋው? ሦስተኛው ጥያቄ እቤታችን ውስጥ ገና አልተፈታም።

ባለ18ጎማ · ማርች 4

ልጄ፣ እንኳን እናትሽን ለማየት አበቃሽ። እኔ በዚህ አገር መንገድ ላይ 19 ዓመት ጭነት ነድቻለሁ። ከናንተ ሰፈር የሎውስቶን፣ መሄጃው ብቻ ከ2,000 ማይል በላይ ነው። በስምንት ቀን ደርሶ መልስ ካላችሁ እናትሽን ለሽርሽር አልወሰድሻትም፤ ረዳት አድርገሽ ቀጠርሻት ማለት ነው። የምታየው የነብራስካን በቆሎ ነው።

አርቪ እንደ ሰዳን አይሄድም። ጂፒኤሱ 8 ሰዓት ካለሽ 10 ብለሽ ያዥው። ነዳጅ መቅጃው ይረዝማል፣ ልጆቹ ይወርዳሉ፣ አቀበቱ ላይ ይዘገያል። አርቪ የለመዱ ሰዎች 3-3-3 የሚሉት ደንብ አላቸው። በቀን ከ300 ማይል አትብለጥ፣ በ3 ፒኤም ማደሪያህ ድረስ፣ አንድ ቦታ 3 ሌሊት እደር ነው ነገሩ። በሀበሻ ሰዓት 9 ስለሚሆን ቤት አይመታም እንጂ ደንቡ ጥሩ ነው። በተለይ መሃለኛውን ያዢ። ለመጀመሪያ ጊዜ አርቪ ወደ ኋላ የሚያስገባ ሰው በጨለማ ባያስገባ ይሻለዋል። ዛፍ አይጮህም።

ለናንተ የሚሆነው 81 ቁጥር ሀይዌይን ይዞ ወደ ደቡብ መውረድ ነው። ስሞኪ ማውንቴንስ ብሔራዊ ፓርክ ወደ 500 ማይል ነው። መሃል ላይ ሁለት ቦታ እያደራችሁ ብትሄዱ ማንም አይደክምም።

ስለ መኪናው፦ ክላስ ኤ አውቶቡስ የሚያክለው ነው። ክላስ ቢ ቫን ነው፤ ለባልና ሚስት ይበቃል። ክላስ ሲ ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያለው ነው፤ ለናንተ የሚሆነው እሱ ነው። መንጃ ፈቃድ የዘወትሩ ይበቃል፣ ክብደቱ ከ26,000 ፓውንድ በታች ስለሆነ። "8 ሰው ያስተኛል" የሚለውን ማስታወቂያ ግን አትመኚ። የምትጠይቂው ስንት የደኅንነት ቀበቶ አለው ብለሽ ነው። የ3 ዓመቱ ወንበር የሚታሰረው ፊቱን ወደ መንገዱ ባዞረ መቀመጫ ላይ ነው። የምግብ ጠረጴዛው ጋ ያለው መቀመጫ ብዙ ጊዜ ፊቱን ወደ ኋላ ወይ ወደ ጎን ነው፤ እሱ ላይ የልጅ ወንበር አይታሰርም።

ሂሳብ_አዋቂው · ማርች 4

ይቅርታ፣ ደስታችሁን ላበላሽ ነው። ሆቴል ያዙ። ሁለት ክፍል በ150 ዶላር፣ ሰባት ሌሊት፣ 2,100 ዶላር። ቁርስ አለው፣ ሻወር አለው፣ ሽንት ቤቱን የሚደፋ ሰው አያስፈልግም። አርቪ ኪራይ አለው፣ ኢንሹራንስ አለው፣ ከተፈቀደው ማይል በላይ ለነዱበት ክፍያ አለው፣ ጄነሬተር ካስነሱ በሰዓት ክፍያ አለው፣ ማደሪያውም ለብቻ ይከፈላል። በጋሎን 9 ማይል ከሄደ እግዚአብሔር ይመስገን ነው።

የቡና_ስኒ · ማርች 5

ሂሳብ_አዋቂው፣ ልክ ነህ። ግን እናት ሆቴል ስትገባ ምን እንደምታደርግ ታውቃለህ? አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መቼ እንደምንሄድ ትጠይቃለች። አርቪ ውስጥ ወጥ ቤት አላት። የራሷ ቤት ነው።

ቤዚዬ፣ እኔ አትላንታ ነኝ። ስሞኪን አምስት ጊዜ ሄጄበታለሁ። ማንም ሳይነግረኝ በራሴ ላይ ደርሶ የተማርኩትን ልንገርሽ። ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያሉት ካምፖች፣ ኬድስ ኮቭ፣ ኤልክሞንት፣ ስሞክሞንት፣ አንዳቸውም የመብራትና የውሃ መሰኪያ የላቸውም። ሻወርም የለም። ቦታው ገነት ነው፤ ግን በጁላይ ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) የለሽም ማለት ነው። ጄነሬተር የሚፈቀደውም በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ማስነሳት ክልክል ነው። ለዛውም ቦታው የሚለቀቀው ከስድስት ወር በፊት ነው። የጁላዩ ጃንዋሪ ላይ ተለቆ አልቋል፤ አሁን የምትጠብቂው ሰው የሰረዘውን ነው።

እናት ላላት ሰው የምመክረው ከፓርኩ ውጪ፣ ሙሉ ሁክ አፕ ያለው የግል ካምፕ ነው። መብራት፣ ውሃ፣ የፍሳሽ መስመር፣ ሦስቱም ከመኪናው ጋር ተገናኝተው ያድራሉ። ወደ ፓርኩ መግቢያ ሦስት በር አለ። ፒጅን ፎርጅ ከሄድሽ ፒያሳን በዋዜማ አስቢው፤ መብራት፣ ሙዚቃ፣ ትራፊክ። ቼሮኪ በኖርዝ ካሮላይና በኩል ነው፤ ደስ ይላል፣ ግን ለናንተ ዞር ይላል። ታውንሴንድ ትንሽ ከተማ ናት፣ ወንዙ በመሃሏ ያልፋል፣ ማታ ጸጥ ይላል። እኔ ብሆን ታውንሴንድ፣ ወንዝ ዳር።

ዴንቨር_ነኝ · ማርች 5

እናንተ የምሥራቅ ሰዎች ሁክ አፕ ሁክ አፕ ትላላችሁ። እኛ እዚህ የፌዴራል መሬት ላይ ገብተን በነፃ እናድራለን። ቢኤልኤም በሚባለው መሬት አብዛኛው ቦታ እስከ 14 ቀን መቆየት ይቻላል። ጎረቤት የለ፣ ጄነሬተርህን ዝጋ የሚልህ የለ። ባለፈው ዩታ ውስጥ አራት ሌሊት አድረን የከፈልነው ዜሮ ዶላር ነው። ለገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ለኮከቡ።

የቡና_ስኒ · ማርች 5

ወንድሜ፣ አንተ ስንት ሰው ይዘህ ነበር? በአራት ሌሊት ስንት ሰው ሻወር ወሰደ?

ዴንቨር_ነኝ · ማርች 5

ሁለት ወንዶች ነበርን። ሻወሩን እንለፈው።

ባለ18ጎማ · ማርች 5

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለየው ማንን ይዞ መሄድ ነው። የንጹሕ ውሃው ታንክ ትንሽ ነው። ስድስት ሰው እቤት እንደለመደው ከታጠበ ባንድ ቀን ያልቃል። ሌሊት የምትነሳ እናት ካለች መብራትም ውሃም እፈልጋለሁ በይ። ደግሞ ያ ነፃ መሬት በብዛት ያለው ምዕራብ ነው፤ ቨርጂኒያ ላይ ብትፈልጊው አታገኚም። አንዳንድ ዋልማርት ግቢው ውስጥ ለአንድ ሌሊት ያሳድራል፤ አንዳንዱ አይፈቅድም፣ ስልክ ደውሎ ሥራ አስኪያጁን መጠየቅ ነው። እሱም ለመንገድ ማቋረጫ እንጂ ለሽርሽር አይሆንም።

ቤዚ_ቪኤ · ማርች 6

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሎውስቶን ተሰርዟል። ባለቤቴ የነብራስካን በቆሎ ሲሰማ ዝም አለ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ማደሪያውን መምረጡ ነው። ፎቶው ላይ ሁሉም ያምራል። ሁሉም አራት ኮከብ አላቸው። እንዴት ነው የምትለዩት?

የቡና_ስኒ · ማርች 6

ፎቶውን እርሺው። እኔ የማየው ከላይ ነው። የካምፑን ስም ካርታው ላይ አስገቢና ወደ ሳተላይት ቀይሪው። የባቡር ሐዲድ አጠገቡ አለ? ሀይዌዩ ስንት ሜትር ይርቃል? ዛፍ አለው ወይስ ሜዳ ላይ የተደረደረ የመኪና ማቆሚያ ነው? በጁላይ ጥላ ማለት ግማሽ ኤሲ ማለት ነው። ከዚያ አስተያየቶቹን ባለፈው ዓመት የተጻፉትን ብቻ አንብቢ። መፈለጊያው ላይ "ባቡር" የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፊው፣ ቀጥሎ ዋይፋይ፣ ቀጥሎ ሻወር። እናትሽ ማታ ማታ አዲስ አበባ መደወሏ አይቀርም። ተራራው ውስጥ ኔትወርክ እንደሌለ ቁጠሪው፤ ስለዚህ ዋይፋዩ ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የቦታውን ርዝመት እዪ። 28 ጫማ መኪና ይዘሽ 25 ጫማ ቦታ ብትይዢ አይገባም። ፑል ስሩ የሚሉት በፊት ገብተሽ በፊት የምትወጪበት ነው፤ ለጀማሪ ሰው እሱን ክፈዪበት። ሦስተኛ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ሕንፃ ከቦታሽ ስንት እርምጃ እንደሆነ የካምፑን ንድፍ አይተሽ ቁጠሪ። በጣም ቅርብ ከሆነ ሌሊቱን በር ሲከፈት ሲዘጋ ታድሪያለሽ። በጣም ሩቅ ከሆነ እማዬ አትሄድም።

ባልቲሞሬው · ማርች 7

እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለቤዚ ባይሆንም ለሌላው። ባለፈው ዓመት ደላዌር ላይ አርቪ ተከራይቼ በ95 ወደ ቤቴ መጣሁ። ፎርት ማክሄንሪ ዋሻ ደጃፍ ስደርስ ምልክቱን አየሁት። ፕሮፔን ከ10 ፓውንድ በላይ የያዘ ሲሊንደር በባልቲሞር ሁለቱም ዋሻዎች ማለፍ አይችልም። አብዛኛው አርቪ ማብሰያው በፕሮፔን ጋዝ ነው፣ ያለው ታንክ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ቧንቧውን ዘግቼዋለሁ ማለት አያዋጣም። ድሮ ሰው ከተማዋን በሚዞረው በ695 መንገድ፣ በኪ ብሪጅ በኩል ይዞር ነበር። ድልድዩ ማርች 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶት ወደቀ። አሁን ያለው አማራጭ በምዕራብ በኩል ያለው የ695 ክፍል ብቻ ነው። እሱን ሳላውቅ ከመጨረሻው መውጫ ላይ አራት መስመር አቋርጬ ወጣሁ። ሚስቴ እስካሁን ታነሳዋለች።

ባለ18ጎማ · ማርች 7

እግዜር አተረፈህ። ቤዚ፣ አንቺም የመኪናውን ቁመት ወረቀት ላይ ጽፈሽ የፀሐይ መከለያው ላይ ለጥፊው። ክላስ ሲ 11 ጫማ አካባቢ ነው። ሰው የሚሳሳተው ድልድይ ላይ አይደለም፤ በርገር ቤት ነው። ልጆቹ ራበን ሲሉ አሳስቶ ድራይቭ ስሩ ውስጥ፣ ከመኪና ሳይወርዱ የሚገዛበት መተላለፊያ፣ ያስገባሻል። ወዳጄ የጣሪያውን ኤሲ እዚያ ጥሎ ወጥቷል።

የተራራ ላይ የሽርሽር መንገዶቹን፣ ስካይላይን ድራይቭንና ብሉ ሪጅ ፓርክዌይን፣ ለዚህ ጉዞ ተያቸው። ስካይላይን 105 ማይል ነው፣ ፍጥነቱ 35። ሜሪስ ሮክ የሚባለው ዋሻው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፤ ታልፉበታላችሁ፣ ግን ልብ ይመታል። ፓርክዌዩ 469 ማይል ነው። በሴፕቴምበር 2024 የሄለን አውሎ ነፋስ ኖርዝ ካሮላይና በኩል ሰባብሮት፣ እስከዚህ ማርች 2025 ድረስ ብዙው ዝግ ነበር። 40 ቁጥርም በፒጅን ወንዝ ሸለቆ በኩል የተከፈተው ገና በማርች 2025 መጀመሪያ ነው፤ በየአቅጣጫው አንድ መስመር። እናንተ በ81 ወርዳችሁ ኖክስቪል በኩል ስለምትገቡ አያገኛችሁም። ስካይላይንን በኦክቶበር በሰዳን ሂዱበት። አራተኛ ክፍል ልጅ ካለሽ ደግሞ የፓርክ መግቢያ ካርዱ ለቤተሰቡ በነፃ ነው፤ እስከ ኦገስት 31 ይሠራል።

ቤዚ_ቪኤ · ማርች 15

ይኸው ያወጣነው። እሑድ ናቹራል ብሪጅ አካባቢ፣ አንድ ሌሊት፣ 200 ማይል ገደማ። ሰኞና ማክሰኞ ማሪየን አጠገብ ያለው ሃንግሪ መዘር የግዛት ፓርክ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ታውንሴንድ ወንዝ ዳር። ቅዳሜ ሲመለሱ ሮአኖክ አካባቢ አንድ ሌሊት።

የቨርጂኒያ ፓርኮች ከ11 ወር በፊት ነው የሚያስይዙት። ቅዳሜና እሑዱ ሙሉ ነበር፣ ሰኞና ማክሰኞ ግን መብራትና ውሃ ያለው ቦታ አገኘን። ሐይቅ አለው፣ ልጆቹ የሚዋኙበት አሸዋ አለው። ለእማዬ በስልክ ስሙን ተርጉሜ ስነግራት "የተራበች እናት? ምን አድርገዋት ነው?" ብላ ደነገጠች። ታሪኩን ፈልጌ ነገርኳት። ከጥቃት ያመለጠች ሴት በጫካው ስትንከራተት ወደቀች፤ ሕፃኗ ወንዙን ተከትሎ ሰው ሲያገኝ አፉ የያዘለት ቃል "የራባት እናት" የሚለው ብቻ ነበር ይባላል። እማዬ "ታዲያ ድርቆሽ ይዤ ልምጣ" አለች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እማዬ ምጣዷን ካልያዝኩ አልሄድም ብላለች። የኤሌክትሪኩን ምጣድ። ይሆናል?

ሂሳብ_አዋቂው · ማርች 15

አሁን ወደ እኔ መጣችሁ። የምትከራዩት መኪና የ30 አምፕ ከሆነ፣ 30 በ120 ቮልት ሲባዛ 3,600 ዋት ነው። ያላችሁ በጀት እሱ ነው። የጣሪያው ኤሲ ሲሠራ 1,500 አካባቢ ይበላል፤ ሲነሳ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። የዚህ አገሩ ምጣድ ሌላ 1,500 ገደማ። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ 1,400። ሦስቱ አንድ ላይ አይሆኑም። 50 አምፕ መኪና ሁለት መስመር ስላለው እስከ 12,000 ዋት ይደርሳል፤ ግን ለናንተ የሚመጣው በብዛት 30 ነው።

መፍትሔ አለው። ካምፑ ውስጥ መኪናው የሚሰካበት ምሰሶ ላይ ብዙውን ጊዜ ለብቻው 20 አምፕ መሰኪያ አለ። ወፍራም ማራዘሚያ ገመድ ይዛችሁ ምጣዱን እዚያ ሰኩት። የእንጨት ጠረጴዛው ላይ፣ ውጪ፣ በነፋሻው። ኤሲው ውስጥ በሰላም ይሠራል።

የቡና_ስኒ · ማርች 15

ቡናም ውጪ ነው የሚቆላው! አንድ ጊዜ ውስጥ ልቁላ ብዬ የጭስ ማስጠንቀቂያው ካምፑን ሙሉ ቀሰቀሰ። ባሌ በፎጣ እያራገበ፣ እኔ መስኮት እየከፈትኩ። ዕጣንም እንዲሁ። ከሰል ደግሞ በምንም ምክንያት ውስጥ አይገባም፤ አርቪ ጠባብ ቤት ነው፣ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሳይታወቅ ይገድላል። ወደ ስሞኪ ከውጪ ማስገባት የሚፈቀደው ማገዶም በሙቀት የታከመ የሚል ምልክት ያለበት ብቻ ነው። ነፍሳት ከቦታ ቦታ እንዳይጓዙ ነው። ከቤት ይዛችሁ አትምጡ።

ቂቤና በርበሬ የነካውን ሁሉ ማታ ወደ ውስጥ አስገቡ። ድቡ እንግዳ ነው፣ ያልጠራችሁት።

ባለ18ጎማ · ማርች 16

አሁን ማንም ወዳልመለሰው ጥያቄ። ሁለት ታንክ አለ። ጥቁሩ የሽንት ቤቱ ነው፤ ግራጫው የሳህንና የሻወሩ። ፍሳሽ ያለው ቦታ ስትደርሱ ግራጫውን ትከፍቱታላችሁ። ጥቁሩን ግን ዝግ አድርጋችሁ እስኪሞላ ትጠብቁታላችሁ። ከፍቶ የሚተው ሰው ፈሳሹ ይሄድና ጠጣሩ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርሽም። ልትደፉ ስትሉ ግራጫውንም ትንሽ አስቀድማችሁ ዝጉትና አጠራቅሙ። መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ቀጥሎ ግራጫው። የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦላችሁ ይወጣል። ጓንት አይዘንጋ። የመጠጥ ውሃው ጎማና የፍሳሹ ቱቦ አንድ ሳጥን ውስጥ አይቀመጡ።

ሌላው ውሃ ልክ ነው። ሲቆም መኪናው ካዘመመ አንዳንዱ ፍሪጅ አይሠራም፣ እናትሽም ሌሊቱን ሙሉ ወደ ግድግዳው ስትንሸራተት ታድራለች። የሚሰካኩ የፕላስቲክ መርገጫዎች ገዝተሽ ያዢ።

አንድ ሰዳን ደግሞ ይከተላችሁ። አርቪውን አንዴ ከሰካችሁት በኋላ ነቅላችሁ ዳቦ ልትገዙ አትሄዱም። ስሞኪ ውስጥ ሮሪንግ ፎርክን የመሰሉ መንገዶች አርቪ ጨርሶ አይገባባቸውም።

ቤዚ_ቪኤ · ጁላይ 23

ተመልሰናል! ሁላችንም በሕይወት አለን። ቃል ስለገባሁ ልጻፍ።

የመጀመሪያው ሌሊት። የቡና_ስኒ፣ ይቅር በይኝ። ሌሎቹን ሁሉ በሳተላይት አየሁና "አንድ ሌሊት አይደል" ብዬ ያንን ዘለልኩት። ስሙን አልጠራውም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የጭነት ባቡር በራሳችን ላይ ያለፈ መሰለን። ከላይኛው አልጋ ላይ የነበረው ልጄ ጣሪያውን መታው። እማዬ ተነስታ ጸሎት ጀመረች። 10 ሰዓት ላይ ሌላ መጣ። ጠዋት ቢሮው ውስጥ ስነግራቸው "አዎ፣ ባቡር አለን" አሉኝ፣ እንደ መዋኛ ገንዳ።

ከዚያ ሊጡ። እማዬ ሊጡን በባልዲ አቡክታ፣ ክዳኑን አጥብቃ፣ ሻወሩ ውስጥ አስቀመጠችው። 81 ላይ በሙቀቱ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ወረወረው። ደግነቱ ሻወር ውስጥ ነበርና አጠብነው። ግራጫው ታንክ ስንት እንጀራ እንደጠጣ ሂሳብ_አዋቂው ያስላው። የተረፈው ግን ሃንግሪ መዘር ላይ ውጪ ተጋገረ፣ በ20 አምፑ። መብራቱ አልጠፋም። አንዴ ብቻ ባለቤቴ ምጣዱን ዝናብ መጣ ብሎ ወደ ውስጥ አስገብቶ ሲሰካው ሁሉም ድርግም አለ። ከዚያ ወዲህ አልነካም።

ታውንሴንድ እንዳልሽው ነው። ከወንዙ አሥር እርምጃ። እማዬ ተጣጣፊውን ወንበር ውሃው ውስጥ አስቀምጣ እግሯን ነከረች። "ጠበል ይመስላል" አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ከዚያ አልተነሳችም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ከፋኝ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ወንበር ላይ! በኋላ ተውኳት፤ እሷ ደስ ብሏታል። ቅዳሜ ጠዋት ልንወጣ ስንል አንድ ሌሊት መጨመር አይቻልም ወይ ብላ ጠየቀች። ሦስት ሌሊት ያልኩት ደግ አደረግኩ፤ ሁለት ብዬ ኖሮ ልታኮርፈኝ ነበር።

ኬድስ ኮቭ ሐሙስ ገባን፣ በሰዳኑ። ረቡዕ በበጋ ለመኪና ዝግ ነው፣ ለብስክሌትና ለእግረኛ ብቻ ነው፤ ይህን ሳያውቁ የሚመጡ ሰዎች አይተናል። 11 ማይሉን ዙሪያ ሦስት ሰዓት ፈጀብን፤ ድብ ከነልጆቿ መንገዱን ስታቋርጥ ሁሉ ቆሞ ነበር። 50 ያርድ መራቅ ግዴታ ነው፤ እማዬ ግን ማይልም አነሰኝ አለች።

ዓርብ ወደ ኩዎሂ ወጣን። ድሮ ክሊንግማንስ ዶም የሚባለው ነው፤ በ2024 የቼሮኪዎቹ ስም ተመለሰለት። የፓርኩ ጫፍ እሱ ነው፣ 6,643 ጫማ። ከመኪና ማቆሚያው በላይ ያለው አቀበት ለእማዬ አይሆንም፤ ማቆሚያው ራሱ ግን እይታ አለው። ጭጋግ ነበር። ጋቢ ለበሰች። ትልቁ ልጄ ስልኩ ላይ ያስቀመጠውን አይቶ "አያቴ፣ አዲስ አበባ ከዚህ ከፍ ትላለች" አላት። ዞር ብላ አየችኝና "ታዲያ እዚህ ድረስ ምን ልናይ መጣን?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለሂሳብ_አዋቂው፦ ኪራይ በቀን 210፣ ሰባት ቀን፣ 1,470። ኢንሹራንስና የማዘጋጃ ክፍያ 420። የተፈቀደልን 700 ማይል ነበር፣ 1,060 ነዳን፤ ለትርፉ በማይል 40 ሳንቲም፣ 144። ነዳጅ 118 ጋሎን፣ 366 ዶላር። ማደሪያ በጠቅላላ 480። የሰዳኑ ነዳጅ 124። ሲደመር 3,004። ልክ ነበርክ፤ ሆቴል ይረክሳል።

ሂሳብ_አዋቂው · ጁላይ 23

ልክ መሆኔን ያመነ ሰው በዚህ ቤት የመጀመሪያዋ ነሽ። የምግቡን ወጪ ግን አልጻፍሽም። ሆቴል ብትይዢ ስድስት ሰው በቀን ሁለቴ ሬስቶራንት ነበር። ደምሪው፣ ልዩነቱ ይጠባል። ያለወትሮዬ ነው እንግዲህ።

ዴንቨር_ነኝ · ጁላይ 23

እናትሽን ወደዚህ አምጪያት። ከአዲስ አበባ የሚበልጥ ተራራ እናሳያታለን። ሻወር ግን ይዘሽ ነይ።

ባለ18ጎማ · ጁላይ 24

እንኳን በሰላም ገባችሁ። ሁሉን ነገርሽን፣ ዋናውን ዘለልሽው። ማን ደፋው?

ቤዚ_ቪኤ · ጁላይ 24

ባለቤቴ፣ ጋሼ። ሦስቱንም ጊዜ። መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ቀጥሎ ግራጫው፣ እያነበነበ። ጓንቱ ግን በሁለተኛው ቀን ጠፋና እማዬ ሳህን የምታጥብበትን ቢጫውን አደረገ። እስካሁን አላወቀችም። ይህን የምታነቡ እቤታችን የምትመጡ ሰዎች፣ አደራ።